ለቅበላ ያልደረሰችው ሚዳቋ

ይህን መጻፍ ይገባኝ እንደሆነ አላውቅም። የክፍል ጓደኞቼ ስለ ጦርነትና ስለ ድርቅ ሲጽፉ እኔ ስለ አንዲት ሚዳቋ ላወራ ነው። ሁለት ሦስቴ ጀምሬ ተውኩት። ግን ሌላ ነገር ልጽፍ ስቀመጥም የምትመጣብኝ እሷው ናት።

ያን ዓመት እናቴ ከገና በኋላ ታማ ተኛች። ትኩሳቱ ሲለቃት ቆዳና አጥንት ብቻ ሆና ተነሣች፤ እህል አልወርድ አላት። አንድ ቀን «የሚዳቋ መረቅ ባገኝ እጠጣ ነበር» አለች። ዐቢይ ጾም ሊገባ ጥቂት ቀን ቀርቶታል። የንስሐ አባታችን ለታመመ ሰው ይፈቀዳል ብለው ቢለምኗትም እናቴ ጾም አትሽርም። ሥጋው ከመጣ ከቅበላ ማለፍ የለበትም። ፍየሎቻችንን ደግሞ ለሕክምናዋ ሸጠን ጨርሰናል።

አባቴ በአፈሙዙ የሚጎርስ አሮጌ ጠመንጃ ነበረው። ባሩዱን ያፈስበታል፣ ጨርቅ ይወትፍበታል፣ አረሩን ይጨምርና በብረት ዘንግ ይጠቀጥቀዋል። አንዴ ከተኮሰ ለሁለተኛው ጊዜ የለውም። ስለዚህ አይስትም፤ በአገሩ የሚታወቀውም በዚሁ ነው። ጎረቤታችን ግን ሁልጊዜ ይተርበው ነበር።

«አንተ አጉርሰህ እስክትጨርስ እኮ ሚዳቋዋ ወልዳ ታሳድጋለች!»

«ትውለድ፤ ልጇንም አልስተውም» ይለዋል አባቴ።

ያኔ ግን አንድ ጉልበቱ አብጦ ያነክስ ነበር። ወንድሜ ሁመራ ለቀን ሥራ እንደሄደ አልተመለሰም። አባቴ «እኔ እተኩሳለሁ፣ አንቺ ትሮጫለሽ» አለኝ። የተመታ አውሬ ነፍሱ ሳይወጣ በስመ አብ ተብሎ ካልታረደ በክት ነው፤ አይበላም። የሚያርደው ደግሞ ወንድ ነው። የእኔ ሥራ አባቴ እስኪደርስ ይዞ መቆየት ነበር።

ሐሙስ ወጥተን ባዶ እጃችንን ተመለስን። ቅዳሜ ደግመን ወጣን። «እርሻ ነው እንጂ አደን በሰንበት ማን ከለከለ?» አለ አባቴ፤ ድምፁ ግን ድካም ነበረበት። ከገነተ ማርያም በታች ካለው ገደል አፍ ላይ ቁጥቋጦ ውስጥ ተቀመጥን። ጠመንጃውና የባሩዱ ቀንድ ስለከበዱት ቢላዋውን የያዝሁት እኔ ነኝ። ፀሐዩ አናታችን ላይ ሲደርስ አንዲት ሚዳቋ ከሥራችን ወዳለው ውኃ ወረደች። ተኮሰ። ጭሱ ሸፈነን።

«መትቻታለሁ! ሩጪ!»

ሮጥሁ። ከገደሉ ሥር ወድቃ አገኘኋትና እግሮቿን ያዝሁ። ሽቅብ ሳይ አባቴ በቂጡ እየተንፏቀቀ ይወርዳል።

«አጥብቀሽ ያዢያት! መጣሁ፣ መጣሁ!»

ትንፋሿ ከእጄ ሥር እየቀነሰ ሄደ። አባቴ ሲደርስ ዓይኗ ፈዝዞ ነበር። አንገቷን ዳሰሰና አጠገቧ ቁጭ አለ።

«ቢላዋው እጅሽ ላይ አልነበረም?»

«ነበር።»

«እና?»

«አባባ፣ ሴት ያረደችውን እማዬ ትበላለች?»

«አትበላም» አለ። «እኔም አልበላም።»

ለጅብ ትተናት ተነሣን። ዳገቱን ስንወጣ ጠመንጃውን እንደ ከዘራ እየተመረኮዘ ነበር። ሌላ ጊዜ አፈር እንዲነካው እንኳ አይፈቅድም።

«እናትሽን አግኝተን አጣናት ብንላት ይብስባታል» አለኝ። «ሳትሁ እላታለሁ።»

«እርስዎ ስተው ያውቃሉ? ማን ያምናል?»

«ዛሬ ስቻለሁ። አንቺም እንደዚያው በይ።»

እናቴ ግድግዳውን ተደግፋ በር ላይ ትጠብቀን ነበር። መጀመሪያ እጃችንን አየች።

«ሳትሁ» አለ አባቴ።

ፊቱን ትክ ብላ አየችው። «ይሁን፤ እርጅና ነው። ና ግባ፣ እግርህን ልጠብህ» አለችና ራሷን እንኳ መሸከም የማትችለው ሴት ውኃ ልታሞቅ ገባች።

በማግሥቱ፣ በቅበላው፣ ጎረቤታችን በአንድ ዋንጫ ወተት ይዞ መጣ። ወሬው ደርሶታል። «ሳተ አሉኝ! ሚዳቋዋ ስለት ታስገባ እንጂ!» እያለ ሳቀ። አባቴ አብሮት ሳቀ። እናቴ ወተቱን ቀስ እያለች ጨረሰችው፤ በሽሮና በወተት ብቻ ቅበላዋን አድርጋ ጾሙን ያዘች።

አባቴ የቀረውን ባሩድ ከቀንዱ አራግፎ ደጅ ደፋው። ጠመንጃው አሁንም ከምሰሶው ላይ ተሰቅሏል። ለመጨረሻ ጊዜ የተተኮሰው ቅዳሜ፣ የካቲት 6 ቀን 1996 ዓ.ም. ነው።