ያለሰለስኩት ክዳን

ባሕር ዳር የተመደብኩት በደርግ ዘመን ነው፤ የእንጨት ሥራ መምህር ሆኜ። ከአዲስ አበባ ይዤ የመጣሁት አንድ ሻንጣ ልብስና አንድ አመል ነበር። አመሌ አሮጌ ዕቃ ማደን ነው። ጓደኞቼ ደመወዝ ሲቀበሉ ጠጅ ይጠጣሉ፣ ሱሪ ያሰፋሉ፤ እኔ ሰው የሰለቸውንና ሊሸጠው ያወጣውን ዕቃ እየዞርኩ እገዛለሁ። ሌላው ሰው የሚያየው ቆሻሻውን ነው፣ እኔ ግን ከሥሩ ያለውን እንጨት አያለሁ እያልኩ እኩራራ ነበር። «ይኼ ልጅ ዓይን አለው» ያለኝ ሰው ቢኖር ሳምንቱን ሙሉ ደስ ብሎኝ እሰነብታለሁ።

ከተማዋ ለእንዲህ ዓይነቱ አመል የተመቸች ነበረች። የፋብሪካው፣ የኮሌጁና የመሥሪያ ቤቱ ሠራተኛ ከየክፍለ ሀገሩ መጥቶ ሁለት ሦስት ዓመት ይኖራል፤ የዝውውር ደብዳቤ ሲደርሰው ደግሞ መኪና የማይጭንለትን ዕቃ በረንዳው ላይ ይደረድራል። እኔም ቅዳሜ ቅዳሜ ከሹም አቦ ሰፈር ተነስቼ እስከ ሐይቁ ዳር ድረስ በረንዳ በረንዳውን እቃኛለሁ። አንድ እግሩ የጎደለ ጠረጴዛ ገዝቻለሁ። አሥራ ሦስት ጊዜ የሚደውል የግድግዳ ሰዓትም ገዝቻለሁ። አንድ ቀን ከደቅ ደሴት ማገዶ ጭኖ በመጣ ታንኳ ላይ የተጠረበ የወንበር መደገፊያ አይቼ ሳይማገድ አትርፌዋለሁ። የገዛሁትን ሁሉ ወደ ወርክሾፑ ወስጄ እፍቃለሁ፣ እወለውላለሁ፣ ቫርኒሽ እቀባለሁ። አሮጌ ዕቃ እየወደድኩ አሮጌነቱን ግን አልወድለትም ነበር። ትናንት ከሱቅ የወጣ እስኪመስል ካልፋቅሁት እጄ አያርፍም።

አንድ ቀን የሐራጅ ወሬ ሰማሁ። ገበያው አጠገብ ሱቅ የነበራቸው አንድ ሙስሊም ነጋዴ፣ ጨርቅ ደብቀዋል ተብለው በኢኮኖሚ አሻጥር ተወንጅለው ታስረዋል። የሱቃቸው ዕቃ ተወርሶ አልቋል፤ አሁን ደግሞ የመኖሪያ ቤታቸው ዕቃ በቀበሌው ግቢ ሊሸጥ ነው። የሰው ቤት ፈርሶ ሲሸጥ ደስ አለኝ አልልም፣ አዝኛለሁ። አዝኜም ግን በጠዋቱ ከሁሉም ቀድሜ ተገኘሁ።

ዕቃው ፀሐይ ላይ ተደርድሯል፤ አልጋ፣ ራዲዮ፣ ምንጣፍ፣ የነሐስ ማንቆርቆሪያ፣ ከሁሉ ጀርባ ደግሞ አንድ ትልቅ የእንጨት ሳጥን። ሳጥኑ የዓመታት ጥላሸት ጠጥቶ ጠቁሯል፤ ማዕዘኖቹ በናስ ተለብጠዋል፣ አንደኛው ናስ ተሰብሯል። በጥፍሬ ጫር ባደርገው ከሥሩ ቀይ እንጨት ብቅ አለ። እዚህ አገር የተሠራ አልነበረም፤ ከባሕር ማዶ በምጽዋ የገባ መሆን አለበት። ቶሎ ብዬ ዓይኔን ወደ ምንጣፉ አዞርኩ፤ ዕቃ አዳኝ የሚፈልገውን ዕቃ አፍጥጦ አያይም።

የነጋዴው ባለቤት ጥግ ላይ ቆመዋል። የወረታ ሰው ናቸው፤ ቀጭን፣ ሃምሳ ዓመት የሚሆናቸው ሴት። አልጋቸው ሲሸጥ ዝም አሉ። ራዲዮው ሲሸጥ ዝም አሉ። ማንቆርቆሪያው ሲሸጥ ፊታቸውን እንኳ አላዞሩም። ሳጥኑ ሲጠራ ግን አንድ እርምጃ ወደ ፊት መጡና ዋጋ ጠሩ። ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነበር፣ ሁሉም ግን ሰማው፤ ግቢው ጸጥ አለ። እስከዚያ ድረስ ሲጫረት የቆየው ሰው ሁሉ መሬት መሬት ያይ ጀመር። አንዱ ጋቢውን አስተካከለ፣ ሌላው ጉሮሮውን ጠረገ።

ያንን ጸጥታ የተረጎምኩት በራሴ አመል ነው። እነዚህ ሰዎች የዕቃ ዓይን የላቸውም አልኩ በሆዴ። ለአልጋቸው ያልተነፈሱ ሴት ለዚህ ሳጥን አፋቸውን ከከፈቱ ደግሞ፣ እኔ ካሰብኩትም በላይ ዋጋ ያለው ዕቃ ነው ማለት ነው። አምስት ብር ጨመርኩ።

ሁሉም ዞሮ አየኝ። እሳቸውም አዩኝ። ፊታቸው ላይ ቁጣ አልነበረም፤ የሰማውን ነገር በትክክል መስማቱን የሚጠራጠር ሰው አስተያየት ነበር። የቀበሌው ሰው ራሱ ግራ ገብቶት «ጨምረሃል?» አለኝ። «ጨምሬያለሁ» አልኩ። እሳቸው ከጠሩት ሌላ አልነበራቸውም መሰል፣ አልጨመሩም። ሰውዬው «አንድ ጊዜ» ብሎ ቆየ። «ሁለት ጊዜ» ብሎ ከፊተኛው የበለጠ ቆየ፤ አሁን ሳስበው እኔን እየጠበቀኝ ነበር። ሦስተኛውን እስኪጠራ ድረስ «ትቼዋለሁ» ለማለት ጊዜ ነበረኝ። በኋላ በኋላ ይህን ለሰው ሳወራ «የአገሩን ልማድ አላውቅም ነበር» እላለሁ። ልማዱን አላውቅም ነበር፣ እውነት ነው። ፊታቸውን ግን አይቼ ነበር።

ሳጥኑን በጋሪ አስጭኜ ወደ ወርክሾፑ ወሰድኩት። በሩ ላይ የወርክሾፑ ዘበኛ ነበሩ፤ የቆላ ድባ ሰው፣ ሽማግሌ ናቸው። ሌላ ጊዜ ዕቃ ሳመጣ እየሳቁብኝም ቢሆን ያወርዱልኛል። ያን ቀን «አባቴ፣ በዚያ በኩል ይያዙልኝ» ብላቸው እጃቸውን ወደ ኋላ አደረጉ።

«አልይዝም» አሉ። «ኸሴትዮዋ አፍ ላይ የነጠቅኸው አንተ ነህ አሉ። ሰምቻለሁ።»

«ሐራጅ እኮ ነው። ዋጋ የጨመረ ይወስዳል።»

«ኸመንግሥት ዘንድ እንዲያ ነው። ኸሰው ዘንድ ግን የቤቱ ባለቤት ድምጡን ካሰማ ሌላው አፉን ይይዛል። አልጋውንና ራዲዮኑንስ ጎረቤት ለምን የገዛው መሰለህ? ሰውዬው ሲፈታ ሊመልስለት ነው እንጂ!» ካሉ በኋላ «ምን ታረግ፣ ባዳ ነህ። ማን ይንገርህ» አሉኝ።

ከሁሉ ያቃጠለኝ «ባዳ ነህ» ያሉኝ ነው። ከተቆጣኝ ሰው ይልቅ ያዘነልኝ ሰው ያናድደኛል። ያም ሆኖ ሳጥኑን ልመልሰው ቆረጥኩ። እዚያው ጋሪው ላይ እንዳለ ማዞር ነበረብኝ። እኔ ግን እንዲሁ ጥቁር እንደ ሆነ ይዤው ሄጄ ይቅርታ ማለት አፈርኩ። አሳምሬ ብመልሰው፣ ሲያዩት ይደነቃሉ፣ ይቅርታውም በዚያው ያልቃል አልኩ። እውነቱን ለመናገር ያን ቀይ እንጨት ሳላየው መመለሱም አላስቻለኝም።

ሁለት ሳምንት ሙሉ ከትምህርት በኋላ ስፍቅ ከረምኩ። ውጭውን ከጨረስኩ በኋላ ክዳኑን ከፈትኩ። ውስጡ ላይ በጥቁር ቀለም መስመር በመስመር የተጻፈ የዓረብኛ ጽሕፈት ነበር። የላይኞቹ መስመሮች ደብዝዘዋል፣ የታችኞቹ ደመቅ ይላሉ። ዕቃው ከወደብ ሲጫን የተጻፈ የጫኝ ምልክት ነው ብዬ ገመትኩ። ማንበብ የሚችል ሰው መጠየቅ እችል ነበር፤ መስጊዱ የአምስት ደቂቃ መንገድ ነው። አልጠየቅሁም። ቀለሙ እንጨቱ ውስጥ ሰርጎ ስለነበር አስቸገረኝ፤ መጀመሪያ በሸካራው፣ ቀጥሎ በለስላሳው የብርጭቆ ወረቀት ታገልኩት። የመጨረሻው መስመር የለቀቀልኝ በሦስተኛው ቀን ነው። ሲለቅ ደስ ብሎኝ አፏጨሁ። ከሁሉ ይልቅ የሚያሳፍረኝ ያ ፉጨት ነው።

ቫርኒሹ ሲደርቅ ሳጥኑን በጋሪ ጭኜ ሄድኩ። ሴትዮዋ ከትልቁ ቤታቸው ወጥተው ከልጆቻቸው ጋር አንድ ክፍል ውስጥ ተጠግተዋል። በሩን ሲከፍቱ መጀመሪያ እኔን፣ ቀጥሎ ሳጥኑን አዩ፤ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። «ይዤልዎት መጣሁ፣ የእርስዎ ነው» አልኳቸው። «አልሐምዱሊላህ» አሉ። ናሱን እንደ ወርቅ እስኪያበራ ወልውዬው ነበር፣ አላዩትም። የእንጨቱን ቅላት አላዩትም። ገና ጋሪው ላይ እንዳለ ቀጥ ብለው ሄደው ክዳኑን ከፈቱ።

መዳፋቸውን ዘርግተው ክዳኑን ከላይ እስከ ታች ዳበሱት። ደግመው ዳበሱት። ሌላ ሳጥን መስሏቸው መሆን አለበት፣ ጎንበስ ብለው ማዕዘኑን ተመለከቱ። የተሰበረውን ናስ ሲያዩ የራሳቸው መሆኑን አመኑ።

«የልጆቼስ?» አሉኝ።

«የምን ልጆች፣ እናቴ?»

«የልጆቼ ጽፈት። አባታቸው የጣፈው። እዚህ ነበረ እኮ።»

ባለቤታቸው ልጅ በተወለደላቸው ቁጥር ስሙን፣ ቀኑንና ሰዓቱን በገዛ እጃቸው ክዳኑ ውስጥ ይጽፉ ኖሯል። ስድስት ጊዜ ጽፈዋል። ከስድስቱ ሁለቱ በሕፃንነታቸው ሞተዋል። እሳቸው ማንበብ አይችሉም፤ የትኛው መስመር የማን እንደ ሆነ ግን ያውቃሉ። ባለቤታቸው ከታሰሩ ወዲህ በየቀኑ ክዳኑን ከፍተው፣ ጣታቸውን በየመስመሩ እያስቀመጡ፣ የባላቸውንም የሞቱ ልጆቻቸውንም ናፍቆት የሚወጡት በዚያ ነበር። ከዚያ ሁሉ ዕቃ መካከል ለሳጥኑ ብቻ አፋቸውን የከፈቱት ለዚህ ነው።

«አወቅሽ አወቅሽ ሲሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች» ይባላል። እኔን አወቅህ ያለኝም ሰው አልነበረም፤ ያልኩት እኔው ራሴ ነኝ። ያጠብኩትም የሰው ቤት መጽሐፍ ነው።

ምን ብዬ ይቅርታ እንደ ጠየቅሁ አላስታውስም። ቢሰድቡኝ፣ ቢረግሙኝ በወደድኩ። እሳቸው ግን ክዳኑን ቀስ ብለው ዘጉና «ሳታውቅ ነው፣ ልጄ። ደክመህበታል» አሉኝ። ከቤት አስገብተው አስቀመጡኝ፣ ሻይ አስቀዱልኝ። ብርጭቆውን እንደ ያዝኩ ቀረሁ። ጥቂት ቆይተው ጆሮዬ ላይ የሰካሁትን የአናጢ እርሳስ አዩት።

«እኔ የማስታውሰውን ልንገርህና ጣፍልኝ» አሉ።

ሳጥኑን ከጋሪው አውርደን አስገባነው፤ ተንበርክኬ ክዳኑ ውስጥ ጻፍኩ። ቀኑን በቁጥር አያውቁትም። «የመጀመሪያው ጣና ሞልቶ ኸመንገዱ የደረሰ ጊዜ፣ ረመዳን ሊገባ ሲል» አሉ፤ እንዳሉት ጻፍኩ። «ሴቷ የጤፍ አጨዳ ሰሞን፣ ጀንበር ስትወጣ» አሉ፤ ጻፍኩ። በሕይወት ያሉትን አራቱን እንዲህ ጨረስን። ከሞቱት ሁለት ሕፃናት ላይ ሲደርሱ እርሳሱን የያዘ እጄን ያዙ።

«የነዚህን ቀን እሱ ነው የሚያውቅ። ሁለቱንም ስወልድ በጣም ታምሜ ነበር፣ ቀኑን አላወቅሁትም። ቦታ ተውላቸው። አባታቸው ሲፈታ ስማቸውንም ቀናቸውንም ይሞላዋል።»

በማስመሪያ ለክቼ ሁለት መስመር የሚያህል ቦታ ተውኩ።

ከዚያ በኋላ ሐራጅ የሚባል ነገር አልሄድኩም። በረንዳ ላይ የተደረደረ ዕቃ ሳይም መንገድ እቀይራለሁ። ሴትዮዋን አልፎ አልፎ ገበያ አገኛቸዋለሁ። ስለ ባለቤታቸው ለመጠየቅ ድፍረቱ የለኝም፤ እሳቸው ግን ሳልጠይቃቸው «ገና ነው» ይሉኛል። ሦስት ዓመት ያህል «ገና ነው» ሲሉኝ ቆዩ። ባያቸው ቁጥር ያ ባዶ ቦታ ነው ፊቴ የሚመጣው፤ ሰውዬው እንዲፈቱ ከልጆቻቸው ያላነሰ የምጸልየው እኔ ነኝ እስከ ማለት ደርሼ ነበር። የምጸልየው ለእሳቸው ይሁን ለራሴ አላውቅም።

በመጨረሻ የእኔም የዝውውር ደብዳቤ መጣ። እኔም በተራዬ ያንን ሁሉ የፋቅሁትን ዕቃ በረንዳዬ ላይ ደረደርኩ። ሰው ሲያነሳና ሲጥል፣ ሴትዮዋን ከሰው ኋላ ቆመው አየኋቸው።

«ትሄዳለህ አሉኝ» አሉ።

«አዎ እናቴ፣ ነገ ነው።»

«እንግዲያስ ሳትሄድ እርሳስህን ይዘህ ቤት ና።»

ተፈቱ ማለት ነው ብዬ ደስታዬን አልቻልኩትም። ዕቃውን ሊረዱኝ ለመጡት ለወርክሾፑ ዘበኛ አደራ ብዬ እየተቻኮልኩ ተከተልኳቸው። መንገድ ላይ ምንም አላሉኝም፤ እኔም ደስታውን ከሰውዬው ፊት ላይ ላየው ብዬ አልጠየቅሁም።

ቤቱ ውስጥ ሰውዬው የሉም። ልጆቹ ግድግዳውን ተደግፈው ተቀምጠዋል፣ ቀና ብሎ ያየኝ የለም። ሴትዮዋ ክዳኑን ከፈቱና በጣታቸው ባዶውን ቦታ አሳዩኝ።

«ስማቸውን ብቻ ጣፍልኝ» አሉ። «ቀኑን የሚያውቀው አይመጣም። ዐርብ ዕለት ኸወህኒ ቤት መጥተው ነገሩን።»

ሁለቱን ስሞች ነገሩኝ፣ ጻፍኩ። ከስሞቹ ቀጥሎ የሚጻፍ ነገር አልነበረም። እርሳሱን ሳነሳ መዳፋቸውን ዘርግተው፣ ጽሕፈቱን እንዳይነኩት እየተጠነቀቁ፣ ዳር ዳሩን ዳበሱት።

«ይለቃል ወይ?» አሉኝ።

«ሰው ካልፋቀው አይለቅም» አልኳቸው።