ከጋዜጣው ግርጌ ያለው ስም

ዜሊ ብሪሳር በሊዮን ከተማ ምላሷም ብዕሯም የሚፈራ ሴት ነበረች። «ማለዳ» የምትባል ባለ አራት ገጽ ጋዜጣ ነበረቻት። የምትጽፈው እሷ፣ በማተሚያ ቤቱ የእርሳስ ፊደሉን እየለቀምኩ የምደረድረው እኔ ሠራተኛዪቱ፣ ግርጌው ላይ ስሙ የሚወጣው ግን ባሏ አንቴልም። ሕጉ ነዋ! ጋዜጣ ያለ ኃላፊ አይወጣም፣ ኃላፊ ደግሞ ወንድ ብቻ ነው፣ ጥፋት ከተገኘም የሚታሰረው እሱ ነው። አንቴልም ሐር ሸማኔ ነው፤ ከገዛ ስሙ አልፎ ማንበብ አይሆንለትም። እንግዲህ ምን ይደረግ!

ቅዳሜ ቅዳሜ ለሙከራ የታተመውን ወረቀት ይዤ ኮረብታው ላይ ወዳለው ቤታቸው እወጣ ነበር። የቤቱን እኩሌታ የያዘው መሸመኛው ነው። ዜሊ ጮክ ብላ ታነባለች፣ እሱ እየሸመነ ያዳምጣል። ደስ ሲለው እግሩን ከመርገጫው ላይ ያነሣና፣

«ይሄማ ያሳስራል» ይላል።

«ልሰርዘው?»

«ኧረ ተይው! እስር ቤት ቢያንስ ሾርባው አያርርም፤ አንቺ እንደሆንሽ ማሳረር ነው የምታውቂው።»

ይስቃል፤ ሳቁን ሳይጨርስ ሳሉ ይመጣበታል። የሐሩ ብናኝ ደረቱን ጨርሶታል። ሲያልፍለት አፉን ይጠርግና ይፈርማል።

አገሩን ያመሰው ጦርነት ካበቃ በኋላ በነበረው መኸር ዜሊ በሐር ፋብሪካ ውስጥ ተቆልፎባቸው ስለሚሠሩ ልጃገረዶች ጻፈች፤ የባለፋብሪካውንም ስም አልደበቀችም። አንቴልም ያን ቀን አልቀለደም። እስከ መጨረሻው አዳመጠና ፈረመ። ብዙም ሳይቆይ የፍርድ ቤት መጥሪያ መጣ፤ በእሷ ስም ሳይሆን በእሱ።

አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቶ ነበር።

«አንተ ነህ የጻፍከው?» አለው ዳኛው።

«አይ ጌታዬ፣ እኔ ሸማኔ ነኝ።»

«አንብበኸዋል?»

«ተነቦልኛል።»

ሰዉ በሳቅ ፈነዳ። ሆድ ይፍጀው! ዜሊ ብድግ አለችና፣ «የጻፍኩት እኔ ነኝ! እኔን እሰሩኝ!» ብላ ጮኸች። ዳኛው ቀና ብሎ እንኳን አላያትም።

«ሚስትህን አስቀምጣት» አለው አንቴልምን። «ስማ ሰውዬ፣ የማታውቀው ነገር ውስጥ ነው የገባኸው። ባል አይደለህ? ሚስቴ ከእንግዲህ አትጽፍም ብለህ ፈርምና ቤትህ ግባ። እምቢ ካልክ ግን ስድስት ወር ትታሰራለህ።»

ያቺ ዜሊ፣ ለማንም አንገቷን ደፍታ የማታውቀው ዜሊ፣ ሮጣ ሄዳ እጁን ያዘችው።

«ፈርም! በሞቴ አንቴልም፣ ፈርም! በዚህ ደረትህ እስር ቤት ክረምቱን አትወጣውም። ጽሑፉ ገደል ይግባ!»

አንቴልም ብዕሩን አነሣ። እፎይ አልኩ። ወዲያው ግን መልሶ አስቀመጠው።

«ይሄ የአንቺ ቃል አይደለም፤ የእሳቸው ነው» አላት። «እኔ የምፈርመው የአንቺን ብቻ ነው።»

ግትር! እስከ ዛሬ ሳስበው ያበግነኛል፣ ያስለቅሰኛልም።

ዜሊ በየሐሙሱ ሾርባ ይዛ እስር ቤት ትሄድ ነበር። አንድ ጊዜ አብሬያት ሄጄ በብረቱ መሐል አየሁት፤ ጉንጩ ገብቷል። «አሁንም አሳርረሽዋል» አላት፤ ወዲያው ሳሉ መጣበት። በረዶው ሳይቀልጥ ሞተ።

ሕጉ ደግሞ እንዲህ ይላል፤ ባል የሞተባት ሴት ለመጻፍ ፈቃድ የምትጠይቀው ሰው የለባትም። ነፃ ወጣች ማለት ነው፣ እሰይ! ጋዜጣ ለማውጣት ግን አሁንም ወንድ ያስፈልጋታል። በየስብሰባው ስትናገር እያጨበጨቡ እጇን ሲጨብጡ የነበሩትን ወንዶች ሁሉ ለመነቻቸው። አንዱ ልጆች አሉኝ አላት፣ አንዱ አከራዬ ያስወጣኛል አላት፣ አንዱማ ሚስቴ ትቆጣለች ብሎ አረፈው።

አንድ ጠዋት ጥቁር ለብሳ ማተሚያ ቤቱ መጣች። የጻፈችው ስለ አንቴልም ነበር። እንባዬን እየዋጥኩ ፊደሉን ለቀምኩና ግርጌው ላይ ስደርስ ቆምኩ።

«ማንን ላድርግ?»

«አንቴልም ብሪሳርን።»

«እንዴ ዜሊዬ! የሞተ ሰው?»

«ኃላፊው እሱ ነው። እንደ ወትሮው አድርጊው።»

አደረግሁት። ጋዜጣው በወጣ ማግስት የፖሊስ መኮንኑ ከሁለት ሰዎች ጋር ከች አለ። ዜሊ ቀድማው መጥታ አግዳሚው ላይ ተቀምጣ ትጠብቀው ነበር። ትንሽ ሻንጣዋን አጠገቧ አስቀምጣለች፤ ውስጡ የሌሊት ልብሷና የአንቴልም ብርድ ልብስ ነበረ።

«አንቴልም ብሪሳር የሚባለው የታለ?»

«ሎያስ ኮረብታ ላይ፣ መቃብሩ ውስጥ» አለችው። «ሂዱና እሰሩት።»

መኮንኑ ቆቡን አወለቀ። ከዚያ መልሶ ደፋውና የታተመውን ሁሉ አሸክሞ ሊወጣ ሆነ። ዜሊ ሻንጣዋን አንሥታ እስከ በሩ ተከተለችው።

«እኔንስ?»

«እርስዎን የምይዝበት ትእዛዝ የለኝም፣ እመቤቴ» አላትና ሄደ።

ሻንጣዋን እንደያዘች በሩ ላይ ቆማ ቀረች።