የራቢአ ፍላሽ

ሰበታ ገበያ አጠገብ እህል ቤት ያላት አሲያ፣ ለራሷ ብላ የገዛችው ዕቃ ቢኖር ያ ጥቁር የቲቪ ቦክስ ነው። ሻጩ ወንዲ መደርደሪያውን ሙሉ አውርዶ አንዱን ከአንዱ አወዳደረላት። «ማዘር፣ ይሄ በዋይፋይ የዓለምን ፊልም ያመጣልሻል፤ ይሄኛው ደግሞ በድምፅ ይታዘዛል» አላት። የዓለምን ፊልም ምን ታድርገው? እሷ ማየት የፈለገችው አንድ ሰው ብቻ ነው።

«ፍላሽ ይወስዳል?» አለችው።

«ይወስዳል። ውስጡም ብዙ ይይዛል፤ ሞላ ብሎ አያስቸግርሽም።»

አሲያን ጉድ የሠራቻት ይቺ «ውስጡም ብዙ ይይዛል» የምትል ቃል ናት።

ባሏ ኡዘይር ተጂ ከተማ እየወረደ ጤፍ ይገዛ ነበር። ሚስቱ ሳታይ ግን አይገዛም፤ ጆንያውን አስፈትቶ፣ እጁን ጤፉ ውስጥ ከትቶ፣ በስልክ ቀርጾ ይልክላታል። መጨረሻ ላይ ካሜራውን ወደ ፊቱ ያዞርና «አሲዬ፣ ምን ትያለሽ?» ይላታል። «ግዛ» ወይም «ተወው» ትለዋለች። አምና በዚያው መንገድ መኪና ተገልብጦ ሞተ፤ ስልኩም አብሮት ደቀቀ። የእሷም ስልክ ውሃ ገብቶበት ሲበላሽ፣ ጠጋኙ በስንት መከራ ቪዲዮዎቹን አውጥቶ ከጎረቤቷ ከራቢአ በተዋሰችው ፍላሽ ላይ ገለበጠላትና ስልኩን ለመለዋወጫ አስቀረው።

ቦክሱ የተገጠመ ዕለት ኡዘይር ቴሌቪዥኑን ሞልቶ መጣ። ጺሙ ላይ የተጣበቀው የጤፍ ብናኝ ሳይቀር ይታያል። «አሲዬ፣ ምን ትያለሽ?» አለ።

«ግዛ» አለችው ጮክ ብላ፣ ብቻዋን ቤት ውስጥ። ያን ቀን ምግብ ጣማት።

ሁሉንም አይታ ስትጨርስ ፍላሹን ነቀለች። ዘይት ከጀሪካን ወደ ጠርሙስ እንደሚገለበጥ፣ ኡዘይርም ተገልብጦ ቦክሱ ውስጥ የገባ መስሏታል። የቀረው የጎረቤትን ዕቃ መመለስ ነው። በእነ አሲያ ሰፈር ደግሞ የሰው ዕቃ ባዶውን መመለስ ነውር ነው፤ ሳህን ከሆነ ቴምር፣ ጆግ ከሆነ ወተት ይደረግበታል። ለፍላሽስ? ራቢአ ለቱርክ ድራማ ነፍሷን ትሰጣለች። አሲያ ፍላሹን ይዛ ፊልም የሚጭነው ዲሪርሳ ዘንድ ሄደች።

«አከም ቡልተኒ፣ አዳዳ አሲያ» ብሎ እንደ አክስቱ በኦሮምኛ ሰላም አላት። «ምን ልጫንልዎት?»

«የቱርክ ድራማ። ጢም አድርገህ ሙላው።»

«ውስጡ ያለው ይጥፋ?»

«አጥፋው፣ ጨርሼዋለሁ» አለች ፈገግ ብላ።

እሱ ምን ያድርግ፤ ጠየቀ፣ ተፈቀደለት፣ አጠፋ።

ራቢአ ፍላሹን ስትቀበል አገላብጣ ሳመቻት። አሲያም ደስ ብሏት ቤቷ ገባችና ቦክሱን ከፈተች። የዓለም ፊልም ተደርድሮ ኢንተርኔት ይጠይቃታል። ኡዘይር የለም። የነካካችውን ሁሉ ነካክታ ሲያቅታት ቦክሱን ታቅፋ ወንዲ ዘንድ ሮጠች።

«ማዘር፣ ያሳይሽ የነበረው እኮ ከፍላሹ እያነበበ ነው» አላት። «ኮፒ ካልተደረገ ውስጡ አይገባም።»

ዲሪርሳ ፍላሹን ከራቢአ ቤት አስመጥቶ የጠፋውን ለማስመለስ ሞከረ። ያ ሁሉ ድራማ ተጭኖበት ምኑ ይመለሳል? ሰው አንዴ ይቀበራል። አሲያ ግን ባሏን ሁለቴ ቀበረች፤ ሁለተኛውን በገዛ እጇ፣ ያውም እየሳቀች። ያቃጠላት ይሄ ነው።

ራቢአ ነገሩን ስትሰማ እየሮጠች መጣች። አጠገቧ ተቀምጣ አለቀሰችና «ምነው ባዶውን በመለስሽልኝ» አለች።

በነጋታው አንድ የእህል ደላላ ከተጂ ጤፍ ይዞ እህል ቤቷ መጣ። ጆንያውን ፈታላት። እጇን ጤፉ ውስጥ ከተተች።

«እሺ፣ ምን ትያለሽ?» አላት።

ቢጠብቅ፣ ደግሞም ቢጠይቅ፣ እጇን ከጤፉ ውስጥ አላወጣችም።