በአራራይ የያዝኩት እንግሊዝኛ

የአሥራ ሁለተኛ ክፍልን ፈተና አንዴ ወድቄያለሁ። ሁለተኛው የመጨረሻዬ ነበር፤ ካለፍኩ ዩኒቨርሲቲ፣ ከወደቅሁ አርብ ገበያ አክስቴ ሱቅ ጨው ስሸጥ መኖር። ሌላው ትምህርት አያስፈራኝም። የሚያንበረክከኝ እንግሊዝኛ ነው፤ እሱም ሁሉም አይደለም። ከኋላው በአይኤንጂ የሚያልቅ ቃል የሚከተለው የትኛው ግስ ነው፣ ቱ የሚከተለውስ የትኛው? መምህራችንን ምክንያቱን ብጠይቀው፣ ምክንያት የለውም፣ በቃልሽ ያዢው አለኝ። ማታ የያዝኩት ጠዋት ብን ይላል። አቤት ሲያናድድ!

አባቴ እዚሁ ቤተ ልሔም ደብር የቤተ ክርስቲያኑን ዜማ፣ ድጓን፣ የሚያስተምሩ መሪጌታ ናቸው። በቃል መያዝን ከሳቸው በላይ ማን ያውቃል ብዬ፣ ግሶቹን በዜማ ባደርጋቸውስ አልኳቸው። ተቆጡ። የቤተ ክርስቲያንን ዜማ ለፈረንጅ ግስ አላውስም አሉኝ። ግትርነቱን ከሳቸው ነው የወረስኩት፤ ጓሮ ሄጄ ራሴ አዜምኩት። ኢንጆይን፣ ፊኒሽን፣ አቮይድን፣ አይኤንጂ የሚወዱትን በሙሉ በአራራይ ዜማ አለሳለስኳቸው። ዋንትን፣ ሆፕን፣ ዲሳይድን፣ ቱ ፈላጊዎቹን ደግሞ በዕዝል አከበድኳቸው። ገብስ ሳርምም ውሃ ስቀዳም አፌ አያርፍም። አባቴ በአጠገቤ ሲያልፉ ጆሮ ዳባ ልበስ ይላሉ።

የፈተናው ቀን የፈራሁት ጥያቄ መጣ። ለካ ሳላውቀው ማንጎራጎር ጀምሬያለሁ። ፈታኟ መጥታ ወረቀቴን ያዘችው፤ ለጎረቤቴ መልስ የማቀብል መስሏታል። አለቀልኝ፣ ጨው መሸጤ ነው አልኩ በልቤ። ድጓ ቤት ማደጌን፣ ያለ ዜማ ምንም እንደማይመጣልኝ እየተንተባተብኩ ነገርኳት። ትንሽ አየችኝና ግድግዳ ጥግ ብቻዬን አስቀመጠችኝ። ድምፅሽን ከሰማሁ ትወጫለሽ አለችኝ። አፌን ግጥም አደረግሁ። መቋሚያ የለኝ፣ ጫማዬ ውስጥ በአውራ ጣቴ እየመታሁ ሁሉንም በሆዴ አወረድኳቸው።

ውጤቱ በስልኬ ሲመጣ አልፌያለሁ፤ ያውም ከሁሉ የበለጠው እንግሊዝኛዬ ነው። እልል እያልኩ ድጓ ቤቱ ድረስ ሮጥኩ። አባቴ በተማሪዎቻቸው መካከል ቆመው ነበር።

"አባባ፣ አለፍኩ" አልኳቸው።

መቋሚያቸውን መሬት ላይ መታ አድርገው፣ ተማሪዎቹ አፋቸውን ከፍተው እያዩዋቸው፣ ከኢንጆይ ተነሥተው አንድም ሳይስቱ እስከ ዲሳይድ አዜሙት።

"አራራዩ ደህና ነው" አሉኝ ሲጨርሱ። "ሆፕ ላይ ግን ዕዝሉን አሳጥረሽዋል፤ ዩኒቨርሲቲ ሳትሄጂ አቃኚው።"