ባትሪ የቆጠብንለት ሩጫ

ልጄ ዘሃራ ከሳዑዲ ይዛ በመጣችው ቴሌቪዥን የዓለም ሻምፒዮና እያየን ነበር። የወንዶች አንድ ሺህ አምስት መቶ ሜትር ተጀመረ። የኛ ልጅ ከኋላ ነው። ዘሃራ፣ «ገና ነው፤ ሻይ ላፍላ» ብላ ተነሣች።

አባቴም እንዲሁ ብሎ ነበር። ያኔ አራተኛ ክፍል ነበርሁ። መካነ ሰላም ውስጥ፣ በኛ ሰፈር ራዲዮ ያለው እሱ ብቻ ነው። ባትሪው ስለደከመ ከጧት ጀምረን ፀሐይ ላይ አስጥተነዋል። ጎረቤቱ ግቢያችንን ሞላው። ይኸው ዓይነት ሩጫ እንደተጀመረ የራዲዮው ድምፅ መስለል ጀመረ።

አባቴ፣ «ገና ነው። የኛ ሰዎች የሚለዩት ከሃያኛው ዙር በኋላ ነው፤ ባትሪውን ለመጨረሻው እንቆጥብ» ብሎ አጠፋው።

«ወላሂ ብልህ ነህ!» አሉት ሽማግሌው ጎረቤታችን።

አንድ ዙር አራት መቶ ሜትር መሆኑን ተምሬ ነበርና በጣቴ ቆጠርሁ፤ አራት እንኳ አይሞላም። እጅጌውን ጎተትሁ። «አባዬ፣ ሊያልቅ ነው!»

«አንቺ ደግሞ! አበሻ ሲሮጥ እንዲህ ቶሎ ያልቃል?»

ሁሉም ሳቁ። እጅጌውን ለቀቅሁ።

መልሶ ሲከፍተው ዘፈን ነበር። አባቴ ራዲዮውን በጥፊ መታው። ያ ሯጭ ስንተኛ እንደወጣ እስከ ዛሬ አላወቅሁም።

«ዘሃራ፣ ተቀመጪ! ሊያልቅ ነው!» ብዬ ጮህሁ። ስጮህ ሰምታኝ አታውቅም፤ የሻይ በራዱን እንደያዘች ቀረች።

የመጨረሻው ዙር ደወል ተደወለ። የኛ ልጅ አንዱን አለፈ፣ ሌላውን አለፈ። ሻሼ ወድቆ ቆሜያለሁ።

ሁለተኛ ወጣ። በዓይኔ አየሁ።