ተመታሁ የማይለው ሰው

ኩሮሴ ጡረታ ከወጣ ወዲህ እሁድ እሁድ ቺባ በሚባለው አውራጃ ጫካ ውስጥ ከጓደኞቹ ጋር ለጨዋታ የፕላስቲክ ጥይት ሲታኮስ ይውላል። የብርዱን ወራት በባትሪ የሚሠራውን ርካሽ የጀማሪ ጠመንጃውን ሲፈታና ሲገጥም ከረመ። ሞላውን ቀየረ፤ የሞተሩን ጥርሶች በቀጫጭን ሮንዴላ አስተካክሎ ግራሶ ቀባቸው። ያ የሚንቋቋ ጠመንጃ እንደ ድመት ኮቴ ጸጥ አለ። የወጣቱን የጨዋታ ጓደኛውን የሆዳካንም እንዲሁ ሠራለት።

በዚህ ጨዋታ ዳኛው የራስ ህሊና ነው። የተመታ ሰው ራሱ እጁን አንስቶ «ተመታሁ» ይልና ይወጣል። «መትቼሃለሁ» ብሎ መጮህ ነውር ነው፤ ተመትቶ ዝም የሚለውን ግን «የማይሞተው» እያሉ ያሙታል።

አንድ እሁድ ምሳ ላይ ሆዳካ አጠገቡ ተቀምጦ አቀረቀረ።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያርጉልኝና፣ ጠዋት ሦስቴ እግርዎን መትቼዎት ነበር። ሰዎቹም ማውራት ጀምረዋል።»

ኩሮሴ ምንም አልተሰማውም ነበር። የስኳር በሽታው እግሩን እንዳደነዘዘው ሐኪሙ ቢነግረውም ለማንም አልተነፈሰም። «ድሮ መመታቴን የማውቀው በጠመንጃህ ድምፅ ነበር፤ እሱንም በገዛ እጄ ዝም አሰኘሁት» ሊል አፉን ከፈተና ሩዙን ጎረሰበት።

ከሰዓት በኋላ ቀርከሃው ውስጥ አድፍጦ ሳለ ቅጠል ተንኮሻኮሸ። ወዲያው እጁን አንስቶ «ተመታሁ» አለና ብድግ አለ።

ሆዳካ ፊት ለፊቱ ቆሟል።

«ጋሼ» አለው ቀስ ብሎ፣ «ገና አልተኮስኩም እኮ።»