ሮሴንዳ የሰጠችው ምክር

ሮሴንዳ በፊሊፒንስ ሚንዳናዎ ደሴት ውስጥ ባለ አንድ የጦር ሰፈር በር ላይ የወታደር ልብስ ትሰፋ ነበር። ባሏ ሃምሳ አለቃ ኤልፒዲዮ አንድ ከተማ ተከቦ ከተደረገው ውጊያ በደህና ተመለሰ ተብሎ አሳማ ታርዶለታል። እውነትም እጅ እግሩ ደህና ነበር። ጓደኛውን አስር አለቃ ክሪስፒንን በጥይት መሃል ተሸክሞ ያወጣው እሱ ነው። ቤት ከገባ በኋላ ግን አልጋ እምቢ አለ፤ ከበሩ ጀርባ፣ ወለሉ ላይ፣ ጫማውን እንዳሰረ ይጋደም ጀመር። ሮሴንዳ ምነው ስትለው፣ «ሙቀቱ ነው» ይላታል።

የአጥቢያው ጠባቂ ቅዱስ በዓል ዕለት፣ የቅዱሱ ሐውልት በሰልፍ ሲያልፍ ርችት ተተኮሰ። ኤልፒዲዮ ትንሿን ልጁን ጄሳን ቦይ ውስጥ ወርውሮ ላይዋ ላይ ተደፋባት። ክንዷ ተሰበረ። ስትጮህ አፏን በመዳፉ አፍኖ፣ «ዝም በይ፣ ይሰሙናል!» ይላታል። አገር ምድሩ ሻማውን እንደያዘ ቆሞ አየው።

በማግስቱ ሮሴንዳ የጦር ሰፈሩ ክሊኒክ ሄደች። ሐኪሙ ሻምበል ለስላሳ ሰው ነበር፤ ወንበር ስቦ አስቀመጣት።

«ባሌን አድኑልኝ። ግን እኔ መናገሬን እንዳይሰማ» አለችው።

«አይዞሽ እህቴ፣ ከዚህች ክፍል አይወጣም።»

ወጣ። በነጋታው ጠዋት ሰልፍ ላይ ኮሎኔሉ ኤልፒዲዮን ከረድፍ ጠርቶ ጠመንጃውን ተቀበለው።

«ርችት ያስደነግጠዋል ብላናለች ሚስትህ። ከዛሬ ጀምሮ አሳማ ትቀልባለህ። አሳማ አይተኩስም።»

ሰልፉ በሳቅ አውካካ። ለሕክምና የጠራው የለም። ስሙ ግን ያን ዕለት «ርችት» ሆነ፤ ጄሳም በተጠቀለለ ክንዷ ትምህርት ቤት ስትገባ «የርችት ልጅ» ተባለች።

ኤልፒዲዮ ሚስቱን አልመታትም። «ጠላት ያቃተውን አንቺ ቻልሽበት» አላት፣ አለቀ። ከዚያ ወዲያ አፉን ዘጋባት። የሠራችለትን ሩዝና ደረቅ ዓሣ ሳይነካ ከአሳማዎቹ ጋር ይውላል።

ከሁሉ አብልጦ የሚስቅበት ክሪስፒን ነበር። እሱም ሌሊት እንደማይተኛ ሰው እንዳያውቅበት ይሆናል። አንድ ቀን ርችት ለኩሶ ጋጣው ውስጥ ወረወረና፣ «ርችት! ዘመድህ መጣልህ!» ብሎ ጮኸ። አሳማዎቹ ተተራመሱ። ኤልፒዲዮ ከጭቃው ተነስቶ በያዘው አካፋ ፊቱን ሲለው የክሪስፒን መንጋጋ ተሰባበረ።

ኤልፒዲዮ ታሰረ፤ ያለ ጡረታም ተባረረ። ሮሴንዳና ልጇ ከወታደር ቤት በዝናብ ወጡ። እስር ቤት ልትጠይቀው ስትሄድ፣ «ሚስት የለኝም» ብሎ እየላከ ይመልሳታል።

ዓመት አልፎ ጦር ሰፈሩ ውስጥ ለወታደርና ለቤተሰቡ የምክር ክፍል ተከፈተ ተባለ፤ ቀለም ተቀባ፣ ሪባን ተቆረጠ። በዚያው ሰሞን የክሪስፒን ሚስት ማይሊን አሁን ገበያ ውስጥ ልብስ የምትሰፋው ሮሴንዳ ዘንድ መጣች።

«እትዬ ሮሴንዳ፣ በምን ፊቴ እንደመጣሁ…»

«ተቀመጪ።»

«ክሪስፒን አይተኛም። በጠመመ አፉ ‹ኤልፒዲዮ፣ አውጣኝ› እያለ ይጮኻል። ትናንት አንገቴን አነቀኝ። አዲሱ ክፍል ምስጢር ይጠብቃል ይላሉ፤ ሄጄ ልንገራቸው?»

ሮሴንዳ ክፍሉን አይታዋለች። በሩ በቀጥታ ወደ ሰልፉ ሜዳ ይከፈታል፤ ውስጥ የተቀመጠውም ያው ሻምበል ነው። የማይሊንን አንገት አየች፤ የጣት ምልክቱ ገና አልጠፋም።

«ንገሪያቸው» አለቻት። «ሻምበሉ ጥሩ ሰው ነው። አንድም ሳታስቀሪ ንገሪው።»

ማይሊን የሮሴንዳን እጅ ይዛ በአክብሮት የራሷን ግንባር አስነካችውና እንባዋን እየጠረገች ሄደች። የተሳፈረችበት ባጃጅ ሰው እስኪሞላ ቆሞ ነበር፤ ሮሴንዳ ብትጠራት ትሰማት ነበር። አልጠራቻትም።

ሰኞ ጠዋት የክሪስፒን ጠመንጃ ተወሰደ። ወሬውን ገበያ ያመጡት ወታደሮች ሆዳቸውን ይዘው ይስቁ ነበር። ሮሴንዳ ይህን የሰማሁ ቀን አንጀቴ ይርሳል ብላ ነበር። አልራሰም።